ጤና ጣቢያው ጥሩ ነው፣ አዋላጇን ግን እንዳናጣት

ሰላም ወገን፣ ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ሁሉም ይፅፋል እኔ ደሞ ዛሬ እህቴ ስለወለደችበት ጤና ጣቢያ ልፃፍ። ስሙን አልጠራም፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ታህሳስ ላይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ምጥ ያዛትና አምቡላንስ ደወልን። ሹፌሩ ወዲያው አነሳ፣ ግን ምን አለን፣ እናንተጋ ለመምጣት ይበቃኛል ሪፈር ከተባለች ግን ያለኝ ናፍጣ ደሴ አያደርሰኝም አለ። ጎረቤታችን የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ አላህ ይስጠው፣ ከራሱ መኪና በጀሪካን ቀዳልን። ለአምቡላንሱ ነጥብ ስሰጥ ሹፌሩን ከነዳጁ ለይቼ ነው፣ ሰውየው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደርሷል።

ማዋለጃ ክፍሉ ንፁህ ነው፣ ቧንቧው ግን ውሃ የለውም ከበርሜል እየተቀዳ ነው ሚሠራው። ወሊድ በመንግስት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው፣ ካርድም አልከፈልንም፣ ጓንት ግን አልቋል ተብሎ በዛ ሌሊት ፋርማሲ አስከፍተን ገዛን። ይሄ መስተካከል አለበት፣ ብር ያልያዘ ሰው ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ አዋላጇ ሲስተር ልምጣ። ብቻዋን ነበረች፣ ከማታ ጀምሮ እስኪነጋ አልተቀመጠችም፣ እህቴ በጮኸች ቁጥር «አብሽሪ የኔ እህት፣ አብሽሪ፣ ደርሰናል» እያለች እጇን ይዛ፣ እኛ ውጭ ግማሹ ማርያም ማርያም ግማሹ ያ አላህ እያልን። ልጁ ከወጣ በኋላ ደም በዛባት፣ ሲስተሯ ሳትደናገጥ መርፌውን ሰጥታ ሆዷን እያሸች አቆመችው። ያ ደም ባይቆም መንገድ ላይ እህቴን እናጣት ነበር፣ ይሄን ስፅፍ ራሱ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ገንፎ ተገነፋ ቡናም ተፈላ፣ እናቶችን እንዲ ነው ሚያስተናግዱት።

ቡናው ላይ ነው የሰማሁት። ሲስተሯ የአምስት ወር ዲዩቲ፣ ማለት የአዳር ሥራ ክፍያ፣ አልተከፈላትም። ሰው ደመወዝ ተጨምሮላቸው የለ እንዴ ይላል፣ አዎ ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ጀማሪው ከ6,940 ወደ 11,500 ዝቅተኛው ደሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ገብቷል፣ ግን ደመወዝ ሌላ ዲዩቲ ሌላ ነው፣ ዲዩቲ ሌሊት ላደረችበት ነው።

ጥር ላይ የወረዳው ምክር ቤት የግማሽ ዓመት ጉባኤ ሲቀመጥ አጎቴ ተመራጭ ስለሆነ አብሬው ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ከ1994 ጀምሮ ወረዳ ከክልል በጥቅል የሚመጣለትን በጀት ራሱ ነው ሚደለድለው፣ ከዛ ውስጥ አብዛኛው ለደመወዝ ይሄድና ለነዳጅ ለጓንት ለጥገና የምትተርፈው ሥራ ማስኬጃ ትንሽዬ ናት። ክርክሩ በዛችው ብር ነዳጅ ይገዛ ወይስ የዲዩቲ እዳው ይከፈል የሚል ነበር። አንዷ ተመራጭ ተነስታ ሕዝቡ ያለ ናፍጣ አምቡላንስ ምን ያረግለታል አለች፣ እውነቷን ነው። አንድ ሽማግሌ ደሞ ናፍጣውን ሞልታችሁ ስታመጧት ማን ሊያዋልዳት ነው አሉ፣ አዳራሹ ፀጥ አለ። በመጨረሻ ከአምስቱ ወር ዲዩቲ የሁለቱ ይከፈል የቀረው ብር ለነዳጅ ይሁን ተባለ።

እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። መድኃኒትና ጓንት ቢያንስ ከጤና መድህን ከሚመጣው ገቢ ሊገዛ ይችላል፣ መድህኑ እኮ በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የኛው ተሁለደሬ አንዷ ነበረች፣ እኛ ወሎዎች ለጤናችን አዋጥተን መክፈል አዲሳችን አደለም። ናፍጣም ሲቸግር ጎረቤት ይቀዳል። ደም ማቆም የምትችል ሴት ግን ከጎረቤት አትቀዳም፣ አንዴ ከሄደች ሌላ ተቀጥራ ልምድ እስክታገኝ ስንት እናት ታልፋለች! ስለዚ የቀረው ሦስት ወርም ይከፈል ባይ ነኝ፣ ለአጎቴም ነግሬዋለሁ፣ እናንተም ተመራጫችሁን የምታውቁ ንገሩልኝ።

ነጥብ ካላችሁኝ ለባለሙያዎቹ ከአምስት አምስት፣ ለውሃና ለእቃ ሁለት። ምትሄዱ ሰዎች ሂዱ፣ ቤት እንዳትወልዱ፣ ግን ጓንትና አንድ ጀሪካን ውሃ ያዙ፣ የአምቡላንሱንም ስልክ ቀድማችሁ መዝግቡ።

ልጁን ለ45 ቀን ክትባት ስንወስደው ሲስተሯን ፈልገን አገኘናት፣ አቅፋው ሳመችው። የሁለቱ ወር ገብቶልኛል አለች። ደሴ ያለ የግል ክሊኒክ እየጠራት እንደሆነ፣ እስከ ሐምሌ በጀት ግን እንደምትጠብቅ ነገረችን። እህቴ እጇን ይዛ አልለቅ አለቻት።