ጉደኔና በለጠ በጨዋማ ጓሮ

የምኖረው ቂሊንጦ ነው። የጓሯችን ጉድጓድ ውሃ ለሻይ አይሆንም፤ ጨው ጨው ይላል። በጋ ላይ አትክልት ሳጠጣበት መደቡ አናት ላይ ነጭ ነገር ይጋግራል። ቆስጣው ቻለው፣ ካሮቱ ግን እምቢ አለ። ዘንድሮ ድንች ልሞክር አልኩ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ዘር ሻጭ 10 ኪሎ ጉደኔና 10 ኪሎ በለጠ የሚባሉ የድንች ዝርያዎች ገዛሁ። ሁለቱንም ያወጣቸው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ጉደኔን እ.ኤ.አ. በ2006፣ በለጠን በ2009። "ጨው ይችላሉ?" ብዬ ስጠይቀው ሰውየው ሳቀ።

"እህቴ፣ ድንች ጨው የሚያገኘው ድስት ውስጥ ነው።"

አልዋሸኝም። ለጨው ተብለው የወጡ ዝርያዎች አይደሉም። ጨው በመቻል ስሙ የሚነሳው ዩኒክ የሚባለው ነው፤ ሊማ ያለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የማርስን አፈር ይመስላል በተባለ የፔሩ በረሃ አፈር ላይ የሞከረው። እሱን እዚህ ከየት ላምጣ?

ዘሩ ከላይ ሲታይ ያምራል። እንቁላል የሚያክል፣ ጉንቁሉ አጭርና ወፍራም። ቤት ገብቼ ስዘረግፈው ከጆንያው ሥር ሰባት የበሰበሱ ወጡ። ስደውል "አይተሽ አይደል የገዛሽው?" አለኝ። ይሄ አናደደኝ።

ጥር መጀመሪያ በመስመር መካከል 75፣ በዘር መካከል 30 ሳንቲሜትር ለክቼ ተከልኩ። ቀጥሎ ያለው ጥፋት የኔው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጠጣ ነበር። ውሃው ይተናል፣ ጨው እዚያው ይቀራል። የቅጠሉ ዳር እንደተለበለበ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ። ጎረቤቴ እማማ በአጥር በኩል አይተው "ልጄ፣ አታቅምሺው! ወይ አጠጪው፣ ወይ ተይው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በአምስት ቀን አንዴ እስኪጠግብ አጠጣሁ፤ ላዩንም የጤፍ ጭድ ጎዘጎዝኩበት። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

ሚያዝያ መጨረሻ ቆፈርኩ። ጉደኔ 70 ኪሎ ገደማ፣ በለጠ 48። በለጠ ደህናው ቦታ ላይ ጡጫ ጡጫ የሚያክል ሰጥቶኛል፤ ነጩ ነገር በጋገረበት በጉድጓዱ በኩል ግን ብይ ነው የለቀምኩት። ጉደኔ እዚያም ቢሆን ለወጥ የሚሆን አላጣም። አልጫው ውስጥ ፈረስረስ ብሎ ስለሚጣፍጥ ልጆቹም እሱን መርጠዋል።

ለመጪው በጋ ጉደኔን ብቻ እገዛለሁ። ከዚያው ሰውዬ። ብሩን የምሰጠው ግን ጆንያውን መሬት ላይ ካዘረገፍኩት በኋላ ነው።