ድሪፍት፣ ፍላወር ካርፔት ወይስ ዘ ፌሪ? መሬት የምትለብስ ጽጌረዳ ለመግዛት ላሰባችሁ

እናቴ ባለፈው ሰኔ ከአዲስ አበባ መጥታ ደጄ ስትደርስ፣ ሻንጣዋን ሳታስገባ ጎንበስ ብላ አበቦቹን አሸተተች። «ይቺ ናት ጽጌረዳ የምትዪኝ? ምነው መሬት ላይ ተኛችሳ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኛ ጽጌረዳ ሲባል የሚመጣልን ዘንጓ ረዥም፣ በላስቲክ ተጠቅልላ የምትሸጠዋ ናት። የእኔዎቹ ከጉልበት አይበልጡም። ደግሞ ሆን ብዬ ነው።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። ከደጄ እስከ እግረኛው መንገድ 3 ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ያላት ተዳፋት መሬት አለች። የሣር ማጨጃው አይቆምባትም። ዶፍ በወረደ ቁጥር ቀዩ ሸክላ አፈር ወደ መንገዱ ይፈስሳል። የሰፈሩ ማኅበር ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ አይሰለቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው መሬት የምትለብስ ጽጌረዳ የምትመከረው። ወደ ላይ ከመሄድ ወደ ጎን ትሰፋለች፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ውርጭ ድረስ እየደጋገመች ታብባለች፣ የደረቀውን አበባ እየዞሩ መቁረጥም አያስፈልግም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የእኔን ስህተት ስሙ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መለያዋን ሳላነብ፣ አበባዋ ስላማረኝ ብቻ አንድ ጽጌረዳ ገዝቼ ከደረጃው አጠገብ ተከልኩ። በሁለተኛው ክረምት ማግስት ደረቴ ድረስ ደረሰች። ልጄ ከትምህርት ቤት በመጣ ቁጥር ካልሲው እሾህ ላይ ይቀራል። ነቅዬ ለጎረቤት ሰጠኋት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ቁመቷ መለያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከአበባው ፎቶ በፊት ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ቁመትና ስፋት። ስፋቷ ከቁመቷ የሚበልጥ ከሆነ መሬት ትለብሳለች። ካልሆነ ቁጥቋጦ ናት።

በዚህ መለኪያ በየሱቁ በር ላይ ተደርድራ የምታገኟት ኖክ አውት ትወድቃለች። አሜሪካዊው ዊልያም ራድለር ያዳቀላት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ የወጣች ጠንካራ ጽጌረዳ ናት፤ ነገር ግን ከአንድ ሜትር በላይ ትቆማለች። ለአጥር ጥሩ ናት፣ ለተዳፋት አይደለችም። እንለፋት።

የቀሩት ሦስት ናቸው።

ድሪፍት የፈረንሳዩ የሜያን ቤተሰብ ሥራ ናት። ምንጣፍ ጽጌረዳን ከድንክ ጽጌረዳ ጋር አዳቅለው ነው ያገኟት። ድንክነቱ ይታይባታል፦ ቁመቷ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቅጠሏ ትንሽና የሚያብረቀርቅ፣ እሾኋም ደቃቅ ነው። ቀለም ለመምረጥ ከእሷ የሚበልጥ የለም። ኮራል ድሪፍት ከሩቅ ትጣራለች። አፕሪኮት ድሪፍት አበባዋ ድርብርብ ነው። ፖፕኮርን ድሪፍት ደግሞ ቢጫ ሆና ፈክታ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ትሄዳለች፤ አንድ ዘለላ ላይ ሁለቱንም ቀለም ታያላችሁ። ለመንገድ ዳር፣ ለፖስታ ሳጥን ሥር፣ ለትልቅ የአበባ ማስቀመጫ እሷን የሚያህል የለም።

ችግሯ ትንሽነቷ ራሱ ነው። የእኔን መሬት ለመሸፈን በየ75 ሴንቲ ሜትሩ 8 ችግኝ ያስፈልጋል። አንዷ 30 ዶላር ብትሆን 240 ዶላር ነው። ደግሞ ዝቅ ያለች ስለሆነች አረሙ አልፏት ይወጣል።

ፍላወር ካርፔት ጀርመናዊ ናት። ዌርነር ኖአክ የሚባል አዳቃይ ነው ያወጣት። የመጀመሪያዋ ሮዝ ቀለም ያላት ስትሆን፣ ጀርመን ውስጥ ሃይደትራውም ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ የምትሸጠው ደማቅ ሮዝ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ አትጠፋችሁም። ቁመቷ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቷ አንድ ሜትር ይጠጋል። አበባው በትልልቅ ዘለላ ነው የሚወጣው። ለእኔ መሬት በሁለት መስመር፣ ሦስት ከላይ ሁለት ከታች፣ 5 ችግኝ በቃኝ። በዚያው ዋጋ ብናስበው 150 ዶላር ነው። ቅርንጫፎቿ ተጠላልፈው ስለሚጥሉት ጥላ አረሙም ብዙ አይዳፈርም፤ ዝናቡም አፈሩን እንደ በፊቱ አይመታውም።

ሙቀትና ወበቅ በሚበዛበት አካባቢ ከሆናችሁ ግን የድሮዋን ሮዝ አትውሰዱ። ስካርሌት፣ አምበርና ፒንክ ሱፕሪም የሚባሉት ኋላ የመጡት ለወበቅ ይሻላሉ። እሾኋ ግን ቀልድ አይደለም። በመሃሏ አረም ለመንቀል እጄን የሰደድኩበትን ቀን አልረሳውም። የቆዳ ጓንት፣ እስከ ክርን የሚደርሰውን፣ አብራችሁ ግዙ።

ዘ ፌሪ የሦስቱ አሮጊት ናት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣች ናት፤ ዛሬም ትሸጣለች። ይህ ብቻ ስለ ጥንካሬዋ ይናገራል። ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ወደ ጎን ከሜትር በላይ ትዘረጋለች። አበባዋ ትናንሽ፣ ድርብርብ፣ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታባት ወደ ነጭ ትደበዝዛለች። ማበብ የምትጀምረው ሌሎቹ ከጀመሩ ከሳምንታት በኋላ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በግንቦት አይቶ «አልሠራችም» ይላል። ከጀመረች ግን እስከ ውርጭ አታቆምም። የቀለም ምርጫ የላትም።

ለኪስ ግን እሷ ናት የምትስማማው። ድሪፍቶች የባለቤትነት መብት የተመዘገበላቸው ስለሆኑ መብቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆርጦ ማባዛት አይፈቀድም። ዘ ፌሪ ግን ዕድሜዋ ያንን ሁሉ አልፎታል። በሰኔ እርሳስ የምታህል ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ የታች ቅጠሎቿን አራግፋችሁ፣ እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ብትሰኳት በቀላሉ ሥር ትሰዳለች። አንድ ገዝቶ በሁለት ዓመት መሬቱን መሸፈን ይቻላል። ገንዘብ ከሌላችሁና ጊዜ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ሽታን በተመለከተ ሦስቱም ያሳዝናሉ። እናቴ ደጋግማ አሽትታ ተስፋ ቆርጣለች። «ከዚህስ የኛ ቀጋ ይሻላል» አለች። እውነቷን ነው። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅል ብቸኛዋ ጽጌረዳ ናት፤ ነጭ አበባዋ ከሩቅ ይሸታል፣ ፍሬዋም ይበላል። እረኛ ሆኖ ያላወቃት ማን አለ? ግን ቀጋን ተዳፋት ላይ ተክላችሁ ዝቅ በይ ብትሏት አትሰማም፤ ዛፍ ላይ ነው የምትወጣው።

የእኔ ምርጫ? ተዳፋቱ ላይ ፍላወር ካርፔት ስካርሌት፣ በደረጃው ዳር ለዳር ደግሞ ሦስት ኮራል ድሪፍት ተክያለሁ። ልጅ በሚያልፍበት ቦታ እሾኋ የደቀቀው ትሁን። ሰፊ መሬት ቢኖረኝ ኖሮ ዘ ፌሪን እመርጥ ነበር።

«እንክብካቤ አትፈልግም» የሚለውን ነገር ግን በልኩ ያዙት። የመጀመሪያው በጋ ላይ ትፈልጋለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥሯ ድረስ የሚዘልቅ ውኃ፣ በጠዋት፣ ቅጠሏን ሳታርሱ ስጧት። ቅጠል ማታ ረጥቦ ካደረ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይመጣል። ከመትከላችሁ በፊት ሣሩን ከነሥሩ ንቀሉ። ይህን የዘለለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በእሾህ መሃል ሣር ይነቅላል። ከዚያ የእንጨት ፍርፋሪ ጉዝጓዝ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ግንዱን ሳትነኩ አልብሱ። ከሁለተኛው ዓመት ወዲያ ሥራው በዓመት አንድ ቀን ነው። በመጋቢት፣ ፎርሲቲያ የምትባለው ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ስታብብ፣ የአጥር መቀስ ይዛችሁ ፍላወር ካርፔትን ከቁመቷ ሁለት ሦስተኛውን፣ ድሪፍትን ግማሹን ያህል ቁረጡ። ዓይንና ቋጠሮ መቁጠር የለም። እኔ ሃያ ደቂቃም አይፈጅብኝም።

ሦስቱም የማያመልጡት ነገር አለ። አጋዘን ሦስቱንም ይበላል። የጃፓን ጥንዚዛ በሐምሌ አበባውን ወንፊት ታደርገዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ሳሙና ባለው ውኃ ባልዲ ውስጥ ማራገፍ ነው። ክፉው ግን ሮዝ ሮዜት የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው። በዓይን የማትታይ ቅንቅን መሰል ነፍስ በነፋስ እየተጫነች ታመጣዋለች። ቅርንጫፉ መጥረጊያ መስሎ ይወጣል፣ ይቀላል፣ እሾሁም ከልክ በላይ ይበዛል። መድኃኒት የለውም። ከነሥሯ ነቅላችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሏት እንጂ በመቁረጥ አትድከሙ። ዳላስና አካባቢው በዚህ ክፉኛ ተመትቷል፤ እዚያ ላላችሁ አንድ ዓይነት ብቻ በብዛት ከመትከል ከሌላ ተክል ጋር ማቀላቀሉ ይሻላል።

ደግሞ በክረምት ቅጠል የለም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የምታዩት እሾሃማ ጭራሮ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የምትፈልጉ ወይም ቀጥተኛ ፀሐይ በቀን 6 ሰዓት የማይደርሳችሁ ከሆነ ጽጌረዳውን ተዉትና ሊሪዮፔ የምትባለውን ሣር መሰል ተክል ትከሉ። ሚኒሶታ ላላችሁ ደግሞ፣ ብርዱ ከበረዶው በላይ ያለውን ዘንግ ቢገድልም፣ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ሳይቀጠሉ፣ በራሳቸው ሥር ስለሆነ ከታች የሚያቆጠቁጠው ያው የገዛችኋት ናት።

ሱቅ ስትሄዱ አበባ የሞላባትን አትቸኩሉባት። ማሰሮዋን ገልበጥ አድርጋችሁ ሥሯን እዩ። ነጭ ሥር ይሁን፤ ዙሪያውን እንደ ገመድ የተጠመጠመውን ተዉት። ከመሬቷ የሚነሱ ቢያንስ ሦስት ቅርንጫፎች ይኑሯት። መስከረም ላይ ብትሄዱ ብዙ ሱቆች የተረፋቸውን በቅናሽ ያወጣሉ፤ ለተከላም ወሩ ምቹ ነው። እኔ ኮራሎቹን የገዛሁት ያኔ ነው፤ አንዲትም አበባ ያልነበራቸው፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው።