ፍራንኮ ያሉትን ጫማ ሰፊ ላመስግን (ስፓይክ ያላችሁ አንብቡት)

ሰላም የአዳማ ልጆች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም "ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊኝ" ብለውኛል። ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጫማ የሚሰፉ ጋሼ ናቸው። ሰፈሩ ገብታችሁ የስፖርት ጫማ የሚሠሩት ብትሉ ባጃጁም ያውቃቸዋል።

ታናሽ እህቴ ርዝመትና ሱሉስ (ሦስት ጊዜ እየረገጡ የሚዘሉትን) ትዘላለች። እዚህ አገር ስፓይክ (ሶሉ ላይ ሚስማር ያለው የአትሌት ጫማ) ስትሉ ሰው ሁሉ የሚመጣበት የአምስት ሺህና የአስር ሺህ ሜትር ሩጫ ነው፣ የሚዘል ሰው መኖሩም ትዝ አይለውም። ጎረቤታችን እትዬ ጭራሽ "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ኦሎምፒክ ላይ በባዶ እግሩ ነበር። ግን እሱ ማራቶን ነው። እህቴ በሙሉ ፍጥነት መጥታ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ጣውላ ላይ በአንድ እግሯ ትነሳለች፣ ጣውላዋ ላይ የምትቆየው ደግሞ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይደለም። እዚያ ላይ ጫማው ከከዳት ወይ አንቆ ከያዛት አለቀ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሰልባጅ ስፓይክ አግኝቼ ገዛሁላት። "ለዝላይ ይሆናል?" ብዬ ስጠይቀው ሻጩ "ስፓይክ ስፓይክ ነው" አለኝ። ሚስማሩ ረጃጅም ነው፣ ተረከዙ ላይም አራት አለው። ብዙ ሚስማር ካለው የበለጠ ይይዛል ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልጅቷ ግን ሁለተኛዋ ዝላይ ላይ ተረከዟ መሬቱ ላይ ተያዘና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሳምንት ሙሉ አነከሰች። ይባስ ብዬ ሚስማሩን ራሴ እፈታለሁ ብዬ በፒንሳ ታገልኩ። ዝገትና አቧራ ነክሶታል፣ አልንቀሳቀስ አለ፣ ጭራሽ የሁለቱን ቁልፍ የሚይዝበትን ጎን አሟልጬው ቁጭ።

አሰልጣኟ ናቸው ወደ ጋሼ የላኩን። ጋሼ ጫማውን ገልበጥ አደረጉት፣ አውራ ጣታቸውን ተረከዙ ላይ አሳረፉና "ይሄ የከፍታ ነው" አሉ። ሌላ ነገር አላዩም። ለካ ከፍታ የሚዘል ሰው በጥምዝ ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ የሚተክለው ተረከዙን ነው፣ ለዚህ ነው ኋላም ሚስማር የሚደረግለት። የርዝመትና የሱሉስ ጫማ ሚስማሩ ያለው ፊት ለፊት ብቻ ነው። ከዚያ እኔን ትተው እሷን ጠየቋት። ምንድን ነው የምትዘይው? አፈር ላይ ነው ጎማው የመሮጫ መም ላይ? በየትኛው እግርሽ ነው የምትነሺው? ዋጋ ሳይጠሩ እንዲህ የሚጠይቅ ባለሙያ ካያችሁ ጫማችሁን ጥላችሁለት ሂዱ። (ሙያውን የት ለመዱት ስላቸው በታኬታ ነው የጀመርኩት አሉኝ፣ ከኳስ ተጫዋቾቹ ቀጥሎ አትሌቶቹ እየመጡ አስለመዷቸው።)

የዛጉትን ሚስማሮች ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርገው አሳደሯቸው። በማግስቱ እኔ ያሟለጥኳቸውን ሁለቱን በሞረድ ግራና ቀኝ ጠፍጠፍ አደረጓቸው፣ ፒንሳው አሁን የሚይዘው ነገር አገኘ፣ ቀስ ብለው ወዲህ ወዲያ ሲሉት ጭጭ እያለ ወጣ። እኔ አንድ ሰዓት የታገልኩት! የተረከዙን ቀዳዳዎች ግን ባዶ አልተዋቸውም። ባዶ ከሆነ አፈር ሞልቶት ፊሌቶው (ሚስማሩ የሚጠመዘዝበት ጥርስ) ይበላል አሉ። አሮጌ ሚስማሮችን በመጋዝ ቆርጠው፣ ሞርደው፣ ከሶሉ ጋር እኩል አድርገው ደፈኑት። እጅ ብታሳልፉበት አይሰማችሁም።

አዲሱን ሚስማር ሲመርጡላት ማስመሪያ አወጡ። የሚለካው ከሶሉ ውጪ የሚወጣው ነው። ደንቡ ለአንድ ጫማ ከ11 ሚስማር በላይ አይፈቅድም። ጎማ መም ላይ ርዝመቱ እስከ 9 ሚሊ ነው፣ ለከፍታና ለጦር ውርወራ ብቻ እስከ 12 ይደርሳል። ስለዚህ ያ ረጅሙ ሚስማር ለእህቴ ውድድር ላይም ችግር ነበር፣ እኔ ግን በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ጋሼ ለጎማው 6 ሚሊ፣ ለአፈሩ 9 ሚሊ አደረጉላት። ጎማው ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ሚስማር እግርሽን ይዞ ያስቀርሻል እንጂ አያስፈነጥርሽም ነው የሚሉት። እንደ ገና ዛፍ ደረጃ ደረጃ ያለው ሚስማርም አለ፣ ጎማውን ሳይበሳ የሚጫነው። እሱን አልመከሯትም፣ አፈር ላይ ስለምትለማመድ አፈሩ መሃሉ ላይ ይጠቀጠቅበታል ብለው።

አገጣጠሙን ለራሷ አሳዩዋት። መጀመሪያ በጣት ሁለት ዙር። በጣት አልገባ ካለ ቀዳዳው ቆሽሿል ወይ ጠሞ ገብቷል፣ አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው። ቁልፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጠበቅ እስኪል ብቻ። ፊሌቶው ላይ ትንሽ ቫዝሊን ይቀባል። ጫማው ከራሰ ሚስማሩ ተፈትቶ ይደርቃል፣ እንዳለ ከተቀመጠ እንደኔው ሰልባጅ ይሆናል።

እኔን የገዛኝ ግን ይሄ አይደለም። ጨርሰው ሲያስረክቡን "በዚህ ርዝመቱን ተለማመጂ፣ ሱሉስ ግን አትዝይበት" አሏት። ሱሉስ ላይ በተነሳሽበት እግር መልሰሽ ታርፊያለሽ፣ ክብደትሽ ብዙ እጥፍ ሆኖ ነው የሚወርደው፣ የዚህ ተረከዝ ደግሞ ስስ ነው አሉ። ዝም ብለው ገንዘቡን ተቀብለው ማሰናበት ይችሉ ነበር። ሁለት ቀን ለፍተው 250 ብር ነው ያሉኝ። ልጨምር ስል "ትርፍ ሚስማር ግዢላት" ብለው መለሱልኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀጠሮ ላይ ትንሽ ናቸው። ነገ ካሉ ከነገ ወዲያ ነው። ቤቱ ተዘግቶ ካገኛችሁት ማዶ ቡና እየጠጡ ነው፣ ጠሯቸው። ጫማውን አጥባችሁ ሂዱ ደግሞ። አሸዋ ያለበት ጫማ አይቀበሉም፣ እኔን ከደጅ መልሰውኛል።