የአቡነ ሰላማ የብራና ሥዕል ከጎንደር

በጎንደር ፋሲል ግቢ አካባቢ የሚሸጠው ይህ የአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሥዕል ታሪኩን በሦስት ክፍል ይዟል፦ ፍሬምናጦስ (የአቡነ ሰላማ የቀድሞ ስማቸው ነው) እና ወንድማቸው በአክሱም ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ ጳጳስ አድርጎ ሲሾማቸው፣ ተመልሰው ሕዝቡን ሲያጠምቁ። መካከለኛው እጅግ ያምራል፤ ሠዓሊው አንብሮተ እዱን (ሲሾም እጁን በራሳቸው ላይ መጫኑን) በግልጽ አሳይቷል። ከሥሩ የሢመት (የሹመት) ቀን ተብሎ የተጻፈው ሐምሌ 26 ግን ስሕተት ነው። ሐምሌ 26 ዕረፍታቸው ነው፤ ሢመታቸው ታኅሣሥ 18 ይከበራል። ሱቁ ያርመው፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚገዛ ሰው ይሳሳትበታል።

ብራናው የፍየል ነው፣ ፍቀቱም ጥሩ። ከመግዛትዎ በፊት ወደ ብርሃን ያንሡት። ቢጫ ጥላ ካዩ ስቡ በደንብ አልተፋቀም ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ቀለም አይዝም፣ ቆይቶ ይረግፋል። ጠርዙንም በቀስታ ያጥፉት፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ይተዉት።

ፍሬም ሲያስገቡ ጀርባውን በሙሉ በኮላ አያስለጥፉ። ብራና በክረምት እርጥበት ይለጠጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሙሉ ለሙሉ ከተለጠፈ ይጨማደዳል ወይም ይቀደዳል። የላይኛው ጠርዝ ብቻ ይያዝ። መስታወቱም ቀለሙን እንዳይነካ በዙሪያው ቀጭን እንጨት ይግባበት። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይስቀሉት።