400 ወደ 50፦ ስምንት ወር ከሙከራው ዊንዶውስ 11 ጋር

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፔ ላይ አንድ ፋይል ሊገለብጥ ቁጭ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ራይት ክሊክ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ «ራም ጨመርክ እንዴ?» አለኝ። አልጨመርኩም፤ ያው 8 ጊጋ ነው። «ኤስኤስዲ ቀየርክ?» እሱንም አልነካሁም። አንድ ቁጥር ነው የቀየርኩት። 400 የነበረውን 50 አደረግኩት። ሳቀብኝ። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ማውሱን «ኒው» በሚለው ላይ ስታሳርፍ፣ የጎኑ ዝርዝር ወዲያው አይከፈትም። 400 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ደክሞት አይደለም፣ ጠብቅ ስለተባለ ነው የሚጠብቀው። ማውስ እግረ መንገዱን ሲያልፍ ሜኑ ሁሉ እንዳይከፈት ታስቦ ነው። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች የተቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ፣ የራስህ ተጠቃሚ ሥር፣ «ኮንትሮል ፓናል» ከዚያም «ዴስክቶፕ» ስትገባ «ሜኑ ሾው ዲሌይ» የሚል መስመር ታገኛለህ። ቁጥሩን ቀይረህ፣ ሳይን አውት ብለህ መመለስ ነው። ዜሮ አድርጌው አይቻለሁ፤ ማውሱ የነካው ሁሉ እየተከፈተ አሳበደኝ። 50 ላይ ረጋሁ።

የሚያናድደኝ ያንን መስመር ያገኘሁት በስድስተኛው ወር መሆኑ ነው። እስከዚያ ያልነካካሁት ነገር የለም።

ላፕቶፑን የገዛሁት መገናኛ ነው፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። የሸጠልኝ ልጅ «ብራዘር፣ ይሄ ዕቃ አውሬ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያልወጣ ነገር ቀድሞ የማየት ክፉ አመል አለብኝ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ ኢንሳይደር የሚባል ፕሮግራም አለ። ተመዝግበህ ያልበሰለውን ስሪት በነጻ ታወርዳለህ። ስሪቶቹ እንደ ጥሬነታቸው ቻናል በሚባሉ መስመሮች ተከፋፍለዋል፤ እኔ የገባሁት ዴቭ ቻናል ነው። ያኔ ካናሪ ከሚባለው ቀጥሎ ጥሬው እሱ ነበር። በስተቀኝ ከታች የመሞከሪያ ቅጂ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍና የቢልድ (የስሪቱ) ቁጥር ተለጥፎበት ይኖራል። መጀመሪያ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር፣ አሁን አላየውም።

በሁለተኛው ወር አካባቢ ከኢንተርኔት አንድ «ዊንዶውስን የሚያጸዳ» ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን በተርታ የሚያስኬድ ፋይል፣ አወረድኩ። ምን ምን እንደሚያጠፋ ሳላነብ ለቀቅኩት። አጸዳልኝ! ሰርች የለ፣ ስቶር የለ፣ ካልኩሌተሯ ሳትቀር ሄዳለች። ቅዳሜዬን ሙሉ ሪሴት ሳደርግ ዋልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንንም አልከስም። ግን «አንድ ክሊክ ብቻ» የሚል ነገር ካየሁ አሁን እሸሻለሁ።

ከዚያ ሌላ ሞኝነት። በፐርፎርማንስ ማስተካከያው ውስጥ «ለተሻለ ፍጥነት» የሚለውን መርጬ ጥላውንም፣ እንቅስቃሴውንም፣ ሁሉንም አጠፋሁ። ፍጥነቱ ትንሽ ተሻሽሎ ይሆናል። አማርኛው ግን ሞተ። ለካ የፊደልን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ምርጫም አብሮ ጠፍቷል። እንግሊዝኛ ቢሻክርም ይነበባል። የኛ ፊደል ግን በአንዲት ሰረዝ ነው የሚለያየው። «ቡ» እና «ቢ»ን፣ «ከ» እና «ኸ»ን በትንሽ መጠን መለየት አቃተኝ። አንድ ደብዳቤ ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩ። እሷን ምርጫ ብቻ መልሼ ምልክት አደረግኩባት፣ ነፍስ ዘራ። ግልጽነቱንና አኒሜሽኑን አጥፍቼ ቀረሁ፣ ለነሱ አላዘንኩም።

መልኩን ካነሳን አይቀር፣ ደስ ያለኝ ነገር አለ። አሁን አማርኛው የሚታየው ኢብሪማ በሚባለው ፎንት ነው። ንጹሕ ነው፣ ግን ደረቅ። ድሮ ከቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ትዝ የሚለው አለ? በደጋችን አጋዘን ስም የተሰየመው? ሴቲንግ ውስጥ በአማራጭ ፊቸሮች በኩል የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች የሚል አለ፣ እሱን ስትጭን ኒያላ ይመለሳል። ወርድ ላይ ስጽፍበት የእጅ ጽሑፍ ሽታ አለው። እናቴ የላክሁላትን አይታ «ይሄኛው ፊደል ይሻላል» አለች። እሷ በዋዛ አታደንቅም።

ዊንዶውስ 11 በአዲስ የተካውን አሮጌውን የራይት ክሊክ ሜኑ መልሻለሁ። የ50ዋ ቁጥር ጣዕም የሚታወቀውም እዚያ ላይ ነው፤ አዲሱ ስታርት ሜኑ ላይ ለውጥ አላየሁም። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች አብዛኛውን አጠፋሁ። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለውን የደኅንነት ጥበቃ ግን አልነካሁም። ማጥፋቱ ትንሽ ፍጥነት ይሰጣል ይባላል፤ እኔ የባንክ አፕ የምከፍትበትን ዕቃ በር ገርበብ አድርጌ አልተኛም።

አሁን ኮምፒውተር «ፈጣን ማድረጊያ» ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው «ያንተማ በዓይን ብቻ ነው እንጂ ማሽኑ አልፈጠነም» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ አልፈጠነም። ታዲያ ወንድሜ፣ ዓይኔ እኮ ነው የሚጠብቀው! ኤክሴሉ የሚከፈተው እንደ ድሮው ነው። ቀኑን ሙሉ ግን መቶ ጊዜ ሜኑ እከፍታለሁ፤ መቶውንም ጊዜ ያቺ መዘግየት የለችም። ያንተ ሶፍትዌር በዓመት ስንት ነበር?

ለአክስቴ ልጅ ያልኩት አንድ ነገር፦ ቁጥሯን ቀይር፣ ወደ ዴቭ ግን አትግባ። ለቁጥሯ ሙከራ ስሪት አያስፈልግም፣ ማንኛውም ዊንዶውስ ላይ አለች። ዴቭ ውስጥ አንዴ ከገባህ ወደ መደበኛው የምትመለሰው ብዙውን ጊዜ ፎርማት አድርገህ ነው። እኔ እንኳ ለምጄዋለሁ።

ትናንት ማታ አዲስ ቢልድ መጥቷል አለኝ። ጥቅሌ ሐሙስ ያልቃል። ረቡዕ ሌሊት አወርደዋለሁ፣ ጠዋት መጀመሪያ የማየው 50ዋ በቦታዋ መኖሯን ነው።