ወፍጮ ቤቴ ፓኔል ላይ ያስገጠምኳቸው ባለ ሲቲ አምፒር ሜትሮች፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኮምቦልቻም ሆነ ሌላ ቦታ ወፍጮ ቤት ላላችሁ ወይ ልትከፍቱ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። ወፍጮውን የሚያዞር ባለ 22 ኪሎዋት ዲናሞ ወይም ሞተር (30 ፈረስ ጉልበት የሚሉት) አለኝ፣ እሱ ላይ ሶስት አናሎግ አምፒር ሜትር ከነሲቲያቸው አስገጥሜ ክረምቱንም በጋውንም ሰርቼባቸዋለሁ። ቻይና ሰራሽ ናቸው፣ ፊታቸው 96 በ96 ሚሊ የሆነው የተለመደው ካሬ። ሜትሮቹ ራሳቸው መካከለኛ ናቸው፣ አገጣጠማቸው ግን ጥሩ ነው፣ ሰው ደሞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ዕቃ ሲያማርጥ ውሎ አገጣጠሙን ላገኘው ሰው ስለሚሰጥ እሱን ነው የማስቀድመው።

ሲቲ ያቺ መሃሏ ቀዳዳ ያላት ጥቁር ዕቃ ናት፣ ዋናው ኬብል በቀዳዳዋ ያልፋል፣ እሷ ከረንቱን አሳንሳ ለሜትሩ ትሰጣለች። 100/5 ከሆነች ኬብሉ ላይ 100 አምፒር ሲሄድ ኤስ1 እና ኤስ2 ከሚባሉት ሁለት ጫፎቿ 5 አምፒር ይወጣል። የኔ ዲናሞ በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 43 አምፒር አካባቢ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ እስከ 100 አምፒር በሚያሳይ ሜትር ብናየው መርፌው ዕድሜ ልኩን ከግማሽ በታች ነው የሚውለው። ከደሴ የመጣው ኤሌትሪሺያን ምን አደረገ፣ 100/5 ሲቲ ይዞ ኬብሉን ሁለቴ በቀዳዳዋ አሳለፈው፣ በቃ 50/5 ሆነች፣ ሜትሩንም 50/5 የሚል ሰሌዳ ያለውን አስገዛኝ። የሚቆጠረው ኬብሉ በቀዳዳው ስንት ጊዜ እንዳለፈ ነው እንጂ ውጭ ላይ የተጠመጠመው አይደለም፣ እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው።

ሌላው ደሞ ቦታው። ስታር ዴልታ (ዲናሞውን መጀመሪያ በስታር አስነስቶ ከዚያ ወደ ዴልታ የሚቀይረው ማስነሻ) ላላችሁ ሲቲዋ ከብሬከሩ ወደ ኮንታክተሮቹ፣ ማለት መስመሩን ወደሚያገናኙትና ወደሚቆርጡት ማብሪያዎች፣ በሚገባው ኬብል ላይ ትሁን። ወደ ዲናሞው በሚወርዱት ስድስት ኬብሎች ላይ ካደረጋችኋት ዴልታ ሲገባ የምታሳየው 58 በመቶውን ብቻ ነው፣ 43 የሚበላ ዲናሞ 25 ይላችኋል፣ እናንተም ገና ብዙ አቅም አለው ብላችሁ እህል ትጨምሩበታላችሁ።

አሁን አደገኛው ነገር። ዲናሞ እየሰራ የሲቲን የኤስ1 ኤስ2 ሽቦ መንቀል የለም፣ ወላሂ የለም! ሌላ መስመር ስትበጥሰው ይሞታል፣ ሾርት ስታደርገው ይፈነዳል፣ ሲቲ ግን ግልብጡ ነው፣ ሾርት ስታደርጋት ሰላም ናት፣ ክፍት ስትተዋት ግን ጫፎቿ ላይ መቶዎች አንዳንዴም ሺዎች ቮልት ሊፈጠር ይችላል፣ ሰው ይገድላል፣ እሷም ትግላለች ትቃጠላለች። ለዚህ ነው በዚያ መስመር ላይ ፊውዝ የማይገባው፣ ፊውዙ ሲበጠስ እኮ መስመሩ ተከፈተ ማለት ነው። ሜትር ለመቀየር ብሬከር አጥፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው ቆልፎ፣ በቴስተር አረጋግጦ ነው። ማጥፋት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ኤስ1 እና ኤስ2ን በሾርቲንግ ተርሚናል ማገናኘት ነው፣ እሱም ለባለሙያ እንጂ ካቻቢቴ ለያዘ ሁሉ አይደለም። የኤስ2 ጫፍ ደሞ አንድ ቦታ ላይ ኤርዝ ይደረጋል፣ የኔዎቹ ሶስቱ ኤስ2 ተያይዘው በአንድ ሽቦ ወደ ኤርዝ ባሩ ሄደዋል።

ከሲቲ ወደ ሜትር የሚሄደው ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ነው፣ ጫፉ ላይ ክብ ላግ ተጨምቆበታል። ሲቲዎቹ 2.5 ቪኤ ብቻ ናቸው (ቪኤ ሲቲዋ ሽቦውንና ሜትሩን ለመመገብ ያላት አቅም ነው)፣ ሽቦው ከቀጠነ ወይ ከረዘመ ሜትሩ አሳንሶ ያነባል፣ 2.5 ሽቦ እንኳ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ከሆነ ብቻውን ወደ 1.8 ቪኤ ይበላል። ፓኔሉ ውስጥ ስለሆኑ የኔው አጭር ነው፣ አልተቸገርኩም።

ጥቅሙን ልንገራችሁ። ድሮ ጭነቱን በድምፅ ነበር የምንለየው፣ ዲናሞው ሲያጓራ እህል መቀነስ። አሁን ወፍጮው ላይ የሚሰራው ልጅ መርፌውን እያየ ነው የእህሉን መልቀቂያ የሚከፍተው፣ ባዶውን 15 አካባቢ ነው፣ እህል ሲገባ 38፣ 40 ላይ ያቆየዋል። ክረምት ላይ ከሐርቡ በኩል በደንብ ያልደረቀ ማሽላ ሲመጣ በዚያው መክፈቻ 45 ያልፋል፣ ባለቤቷ ደርቋል ብላ ብትምል እንኳ መርፌው ይናገራል። አንድ ማታ ደሞ አንዱ ፌዝ ጠፋ፣ አንዱ መርፌ ዜሮ ላይ ወደቀ ሁለቱ ሽቅብ ወጡ፣ ልጁ ወዲያው አጠፋው። ሶስት ሜትር ውድ ነው አንድ ሜትር በመቀያየሪያ ይበቃል ለምትሉኝ መልሴ ይቺ ናት። ይበቃል ካላችሁም መቀያየሪያው ለአምፒር ሜትር ተብሎ የተሰራው ይሁን፣ ሲዞር ሲቲዋን ክፍት የማይተወው።

ጉድለቱ አይጠፋም። የአንዱ መርፌ ከጊዜ በኋላ ዲናሞው ጠፍቶም ዜሮ ላይ አልመለስ አለ፣ ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ነካ አድርገን አስተካከልነው። ከ10 በታች ያለው ቁጥር የተጨናነቀ ስለሆነ እሱን አትመኑት። ከክላምፕ ሜትር ጋር ሳነጻጽረው አንድ አምፒር ገደማ ይለያያል፣ ለወፍጮ ምንም ማለት አይደለም። ዱቄቱ በመስታወቱ ጠርዝ ይገባል፣ የወፍጮው ንዝረት ደሞ ብሎን ያላላል፣ ሁለት ቦታ ላልቶ አግኝተናል፣ ከሲቲ ጋር ደሞ የላላ ብሎን ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ኤሌትሪሺያኑ በየጊዜው መብራት አጥፍቶ ሁሉንም ያጠብቃል፣ ዱቄቱንም በብሩሽ ይጠርጋል።

ስትገዙ ሰሌዳው ከ50 በኋላ ተጨናንቆ እስከ 100 የሚሄደውን ጠይቁ፣ ዲናሞ ሲነሳ መርፌው ጫፍ ላይ ሄዶ አይጋጭም። ዲጂታሉን ጎረቤቴ አስገብቷል፣ ቁጥሩ ስለሚዘል ልጁ ማንበብ ይሰለቻል፣ እኔ መርፌውን እመርጣለሁ። ግን አምፒር ሜትር ያሳያል እንጂ አይከላከልም፣ ልጁ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ፌዝ ቢጠፋ የዲናሞው ዕጣ በኦቨርሎዱ (ከረንት ሲበዛ በሚያጠፋው መከላከያ) እጅ ነው፣ ለዚያ ፌዝ ሲጠፋ የሚያጠፋ ሪሌይ አዝዣለሁ፣ ገና አልመጣም።