ኤልዲሊንክ ሲገመገም፦ ለኢትዮጵያ ናሙና ምን ያህል ያስተማምናል?

ኤልዲሊንክ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ፣ በድረ ገጽ በነጻ የሚሠራ የዘረመል ማስሊያ መሣሪያ ነው። ለተማሪም ሆነ ለተመራማሪ፣ በዚህ ዘርፍ ከቀረቡት አገልግሎቶች ሁሉ ለአጠቃቀም የቀለለው እርሱ ይመስለኛል፤ ሆኖም ከኢትዮጵያውያን የተሰበሰበ መረጃ ይዞ የሚገባ ሰው ውጤቱን ከመቀበሉ በፊት ስሌቱ በማን ናሙና ላይ እንደ ተመሠረተ መጠየቅ ይኖርበታል።

መሣሪያው የሚያሰላው ሊንኬጅ ዲስኢኩሊብሪየም የሚባለውን ትስስር ነው። በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው የሚገኙ ሁለት የዘረመል ልዩነቶች በአብዛኛው ሳይነጣጠሉ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፉ፣ አንዱ ባለበት ክሮሞዞም ላይ ሌላው የመገኘት ዕድሉ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው የራቀ ይሆናል። የመራቢያ ሕዋሳት ሲፈጠሩ ጥንድ ክሮሞዞሞች ክፍሎቻቸውን ስለሚለዋወጡ ትስስሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየላላ ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠንም ፈጥኖ ይላላል። ተመራማሪዎች ጂኖሙን (የሰውን ዲኤንኤ) በሙሉ ሳያነቡ የተመረጡ ነጥቦችን ብቻ መርምረው ከበሽታ ጋር የተያያዘውን አካባቢ ማግኘት የቻሉት፣ የተመረመረው ነጥብ ያልተመረመረውን ጎረቤቱን ስለሚወክል ነው።

ኤልዲፔር በተባለው ክፍል የሁለት ልዩነቶችን መለያ ቁጥር አስገብቶ ሕዝብ መምረጥ ይበቃል፤ መሣሪያው የሁለቱ ልዩነቶች አሊሎች (አማራጭ ቅርጾች) የሚሠሩትን የአራቱን ጥምረቶች ብዛት በሠንጠረዥ አሳይቶ ሁለቱን የትስስር መለኪያዎች፣ ዲ ፕራይምንና አር ስኩዌርን፣ ያሰላል። ይህን ሠንጠረዥ ከአገልግሎቱ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሁለቱን መለኪያዎች የሚያምታታ ተማሪ ልዩነታቸውን በዓይኑ ያይበታልና። ብርቅ የሆነ አሊል ሁልጊዜ ከአንድ የተለመደ አሊል ጋር ብቻ ቢገኝ ዲ ፕራይም 1 ይሆናል፤ አር ስኩዌር ግን በዚያው ሰዓት ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ለውክልና የሚቆጠረው ደግሞ አንዱ ነጥብ ሌላውን ምን ያህል እንደሚተነብይ የሚያሳየው አር ስኩዌር ነው። ዋጋው 0.5 በሆነ ወኪል ነጥብ የሚሠራ ጥናት፣ ዋናውን ነጥብ ቢመረምር ኖሮ ይበቃው ከነበረው በግምት እጥፍ ተሳታፊዎች ያስፈልጉታል።

ኤልዲፕሮክሲ ደግሞ አንድ ልዩነት ተቀብሎ በግራና በቀኙ እስከ 500,000 የዲኤንኤ ፊደል ድረስ ያሉትን ወኪሎች ይፈልጋል፤ በሥዕሉ ላይ የአር ስኩዌር ከፍታ፣ የክሮሞዞም ልውውጥ መጠንና በአካባቢው ያሉት ጂኖች በአንድነት ይታያሉ። ኤልዲትሬት የቀድሞ ጥናቶች ያገኟቸውን ባሕርያት ያያይዛል። ስለ ቀሩት ክፍሎች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ንጹሕ ሥራዎች ናቸው።

ችግሩ ከማመሳከሪያው ላይ ነው። መሣሪያው የሚመካው ከልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች የዘረመል ልዩነቶችን በመዘገበው በሺህ ጂኖሞች ፕሮጀክት መረጃ ሲሆን፣ የፕሮጀክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ከ26 ሕዝቦች የተውጣጡ 2,504 ሰዎችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል አንድም የኢትዮጵያ ሕዝብ የለም። ከምሥራቅ አፍሪካ ያሉት በኬንያ ዌቡዬ የሚኖሩ 99 ሉህያዎች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ የአፍሪካ ናሙናዎች ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያና ከሴራሊዮን እንዲሁም ከባርቤዶስና ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ሉህያዎች የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች እንደ መሆናቸው የሕዝብ ታሪካቸው ከአማራው፣ ከኦሮሞው ወይም ከሶማሌው ታሪክ ይለያል። «አፍሪካ» የሚለውን ጥቅል ምርጫ መጫንም መፍትሔ አይሆንም፤ የአሊል ድግግሞሻቸው የተለያየ ሕዝቦች ሲደባለቁ፣ በየሕዝቡ ውስጥ የሌለ ትስስር በድምሩ ላይ ብቅ ሊል ይችላልና።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ወተትን በአዋቂነት የመፍጨት ችሎታ በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ቤተሰቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም ከሚያሠራው ከላክቴዝ ጂን በፊት በ13,910ኛው ፊደል ላይ አንድ ልዩነት አገኙ፤ በ22,018ኛው ፊደል ላይ ያለው ሌላ ልዩነትም አብሮት ስለሚጓዝ ሁለቱን መለየት በራሱ ሥራ ነበር። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ ትስስር በጣም ረጅም ስለሆነ በዚያ ናሙና ኤልዲፕሮክሲ ብዙ ጠንካራ ወኪሎችን ይደረድራል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 14,010፣ 13,915 እና 13,907 በተባሉት ቦታዎች ላይ ሌሎች ልዩነቶችን ለይቷል፤ በኢትዮጵያ ሶማሌ ግመል አርቢዎች ላይ የተደረገ ጥናትም በአንድ ሕዝብ ውስጥ ብዙዎቹ ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳይቷል። ሁሉም ያሉት በመቶ ፊደል ገደማ ርዝመት ውስጥ ቢሆንም እያንዳንዱ በየራሱ ሃፕሎታይፕ (በአንድ ክሮሞዞም ላይ አብረው በሚተላለፉ ልዩነቶች ስብስብ) ላይ ስለሚጓዝ፣ ለአንዱ ወኪል የሆነ ነጥብ ለሌላው አይመሰክርም። የአውሮፓውያንን ወኪል ወስዶ በኢትዮጵያ ናሙና ላይ «ግንኙነት የለም» ብሎ መደምደም ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው። የተጠየቀው ልዩነት በተመረጠው ሕዝብ ውስጥ ጨርሶ ካልተገኘ መሣሪያው በግልጽ ያስታውቃል፤ ይህ ጥንቃቄ ያስመሰግነዋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ከብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሕዝቦች የዘር ግንድ ከፊሉ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሰዎች ጋር በተደረገ መቀላቀል የገባ መሆኑን ገምቷል። መቀላቀል በራሱ ረጅም ትስስር ይፈጥራል፤ ተመራማሪዎቹ ዘመኑን ያሰሉትም የዚህን ትስስር መላላት ለክተው ነው። እንዲህ ያለውን አሻራ የዌቡዬ ናሙና ሊተካው አይችልም።

ስለዚህ የራሱ መረጃ ያለው ተመራማሪ ትስስሩን ከራሱ ናሙና ቢያሰላ ይሻላል። ለዚህ ፕሊንክ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በትእዛዝ መስመር የሚሠራ በመሆኑ ለጀማሪ ከበድ ይላል፤ ነገር ግን በራስ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠራ የመስመር መቆራረጥ አያግደውም፣ የተሳታፊዎች መረጃም ከተቋሙ አይወጣም። የሥጋ ዘመዳሞችን አስቀድሞ ማውጣት፣ ልዩ ልዩ ሕዝቦችን ለየብቻ ማስላት፣ እንዲሁም ከጥቂት ሰዎች የተሰላ አር ስኩዌር ከእውነተኛው ዋጋ ከፍ ብሎ የመታየት ዝንባሌ እንዳለው ማሰብ ያስፈልጋል። ኤልዲሊንክን ግን በአውሮፓ ወይም በእስያ ናሙና ላይ የታተመን ውጤት ሲያነቡ፣ የተዘገበው ነጥብ የትኞቹን ጎረቤቶቹን ወክሎ ሊሆን እንደሚችል ለማጣራት ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል።